ጋሽ ተሻገር ቫኑን ያላቆመበት ቀን

ጋሽ ተሻገር የሬዲዮውን የመናገሪያ በተን በላስቲክ ያሰረው ሆን ብሎ ነው። ፋይሉ ላይ «ዕቃ ተጭኖት» ተብሎ ተጽፏል፤ ይጻፍ። ላስቲኩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ኪችን ውስጥ ብሮኮሊ ታስሮ የሚመጣበት ሰማያዊ ወፍራም ላስቲክ አለ አይደል፣ እሱን። «ምን ልታደርግበት ነው ጋሼ?» ስለው «አንድ የሚዘጋ ነገር አለ፣ እንዳይዘጋ» ብሎኝ ሄደ። እኔ የቫኑን በር መስሎኝ ነበር።

ይሄ የሆነው በፈረንጆቹ 2008 ኦክቶበር ውስጥ ነው፣ ቴክሳስ፣ ግሬፕቫይን፣ የዳላስ ኤርፖርት አፍንጫ ስር ያለ ሆቴል። እኔ ቤል ዴስክ ነኝ፣ ሻንጣ አወርዳለሁ፣ ሻንጣ እጭናለሁ። ጋሽ ተሻገር ሻትሉን፣ እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመላልሰውን ቫን፣ ይነዳል።

ጋሽ ተሻገር ማለት ሹፌር ነው በቃ። በዕድሜው ሌላ ነገር ሠርቶ አያውቅም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የቀበሌ ላንድሮቨር ነዳ፣ ከዚያ አሸዋ ጫነ፣ ከዚያ የደሴ አውቶቡስ ያዘ። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ፎርት ዎርዝ ዌርሃውስ ገብቶ አራት ዓመት ፎርክሊፍት ነዳ። ከዚያ እኛ ጋ መጣ። ሚስቱ እትዬ የትምወርቅ ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ውስጥ የኦፕሬሽን ዕቃ ታጥባለች። «እሱኮ አልጋ ላይ ተኝቶም ፍሬን ይረግጣል» ትላለች።

ሌላው ሥራው፣ ማለቴ ደሞዝ የሌለው ሥራው፣ ማስታረቅ ነው። እዚህ አካባቢ ያለ ሐበሻ ሲጣላ እሱ ጋ ነው የሚመጣው። ባልና ሚስት ይመጣሉ፣ አብረው ታክሲ የገዙ ሰዎች ይመጣሉ፣ አንዴ በማይክራፎን የተጣሉ ሁለት የቸርች ዘማሪዎች መጥተዋል። ቢሮው ቫኑ ነው። በረራ በማይበዛበት ሰዓት ከሆቴሉ ጀርባ የቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ፓርክ ያደርግና ሰዎቹን ከኋላ ያስቀምጣቸዋል። እሱ ወደነሱ ዞሮ አያውቅም፤ በመስታወት ነው የሚያያቸው። ሁሌ የሚላት አንድ ነገር ናት፦ «ይቅርታውን ተዉት። መጀመሪያ የሆነውን ንገሩኝ።» ሰው ደግሞ ይቅርታ በል ብትለው ቶሎ ይላል፤ የሆነውን ተናገር ስትለው ነው መስኮት መስኮቱን የሚያየው።

ሎቢያችን ውስጥ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበረን። አትሳቁ። የማኔጀራችን የሚስ ግራሲዬላ አባት ነው፣ ዶን አውሬሊዮ፣ ሰባ ስምንት ዓመቱ፣ በዳላስ ሙቀት ክራቫት የማያወልቅ። አገሩን አልጠራም፤ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ተራራ አለው፣ ይበቃችኋል። ከአንዲት የገጠር ከተማ ጠበቃ ሆኖ ጀመረ፣ ፓርላማ ተመረጠ፣ ደግሞ ተመረጠ፣ የመንገድ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ፣ የፓርቲው ተናጋሪ ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር አደረጉት፤ ስልሳ ሦስት ቀን። ከዚያ አወረዱት። ይሄን ሁሉ የማውቀው ራሱ ስለሚነግረን ነው፤ ሻንጣ ይዘህ ብታልፍ ሻንጣህን አስቀምጠህ ትሰማታለህ።

ሎቢው ለሱ ፓርላማ ነው። ቡናው ከቀዘቀዘ ዝም ብሎ አይናገርም፤ ይነሳል፣ ጃኬቱን ይቆልፋል፣ ጣቱን ያነሳል። «ክቡራን! ለዚህ ሕዝብ ትኩስ ቡና ቃል ተገብቶለት ነበር!» ንግግሩን የሚዘጋው ሁሌ በአንድ ነገር ነው፣ በራሱ ቋንቋ፣ ድምፁን ከሆዱ አውጥቶ። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ዜማውን ግን ይዤዋለሁ። ሶ፣ አንድ ቀን ኪችን ገብቼ ጃኬቴን ቆለፍኩ፣ ጣቴን አነሳሁ፣ ያቺን መዝጊያ ለቀቅኳት። ዲሽዋሸሮቹ በሳቅ ሞቱ።

ፍሎሬንሲዮ እጁ ላይ የነበረውን መጥበሻ ለቀቀው።

ፍሎሬንሲዮ ኦምሌት ሠሪያችን ነው፣ ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ። አርባ ሊሞላው ነው፣ አጭር፣ ከእንቁላሉ ጋር እንጂ ከሰው ጋር የማያወራ። መጥበሻው ወለሉ ላይ እየተንቀጠቀጠ «ይሄን ከየት ሰማኸው?» አለኝ። ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«ከሎቢው ሰውዬ። ምነው? ስድብ ነው እንዴ?»

«ድልድዩ ይከፈታል፣ ሕግ ይከበራል ማለት ነው» አለኝና ወጥቶ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም ያቺን ነገር አላልኳትም።

ፍሎሬንሲዮ ቤቱ ፎርት ዎርዝ ነው፤ ሺፍቱን ሲጨርስ በኛ ቫን ኤርፖርት ድረስ ሄዶ ከዚያ ትራንስፖርት ይይዛል። ያን ቀን ለጋሽ ተሻገር ሁሉንም ነገረው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የመንደሩ ሰው ድልድይ ዘጋ፤ ማዕድን ቆፋሪዎች ውሃቸውን በክለውባቸው ነው። አራተኛው ቀን የአገራቸው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ያው ዶን አውሬሊዮ፣ በሬዲዮ ተናገረ፤ ያቺን መዝጊያ ያላት ያኔ ነው። በማግስቱ ወታደር መጣ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ። አሥሩን ሬሳ ለቤተሰብ መለሱ። አንዱን አልመለሱም፤ የፍሎሬንሲዮን ታናሽ ወንድም፣ ባሲሊዮን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ፓርላማው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በጥያቄ አቆመው፤ አንድ ነገር ሳይናገር ወጣ። የነፍሎሬንሲዮ እናት አሁንም በሕይወት አለች። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ልጄ የት ነው ያለው።

«ማን ገደለው አትልም?» አለው ጋሽ ተሻገር።

«እሱን ድሮ ትታዋለች።»

ጋሽ ተሻገር መጀመሪያ በደንቡ ነው የሄደው። ካፑን አውልቆ ሎቢ ገባ፣ ሰውዬው ፊት ቆመ፣ ነገሩን በትሕትና አስረዳው። እኔ አጠገባቸው ሻንጣ ላይ ታግ እያሰርኩ ነበር። ዶን አውሬሊዮ ጋዜጣውን እንኳ አላወረደም።

«ጉዳዩ በኮሚሽን ተጣርቶ ተዘግቷል፣ ወዳጄ።»

«ኮሚሽኑን አይደለም የጠየቅኩት። እርስዎ ያውቃሉ ወይ ነው ያልኩት።»

«ቡናዬ እየቀዘቀዘ ነው።»

ጋሽ ተሻገር ካፑን አደረገና ወጣ። በር ላይ ቆሞ «እንዲህ ያለው ሰው በወንበር አይሆንም» አለኝ። አልገባኝም።

ሰኞ ለፍሎሬንሲዮ ከአገር ተደወለ። እናትየው ወድቃለች፣ ሐኪሞቹ ቀናት ነው ያላት ብለዋል። ፍሎሬንሲዮ ለረቡዕ ቲኬት ቆረጠ፣ ከተርሚናል ዲ፣ ከሰዓት አምስት ከሃምሳ ላይ፣ በአሜሪካ ሰዓት። ሻንጣ መቀበል የሚያቆሙት አራት ከሃምሳ ነው። ዶን አውሬሊዮ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ተርሚናል ዲ ይሄዳል፤ አንዲት የአገሩ ሆስተስ ጋዜጣ ታመጣለታለች። ሁሌ የሚሄደው ጠዋት አሥር ሰዓት ላይ ነው። የዚያን ዕለት ግን ጋሽ ተሻገር «ጠዋት ጎማ ላሳይ ነው፣ ከሰዓት ሦስት ላይ ልውሰድዎ» አለው። ላስቲኩን ከኔ የወሰደው ያኔ ነው።

ሦስት ከአሥር ላይ ሁለቱ ሰዎች አንድ ቫን ውስጥ ገቡ። ፍሎሬንሲዮ ከኋላ፣ ሻንጣው ጉልበቱ ላይ። ዶን አውሬሊዮ ከሹፌሩ ጀርባ። ሌላ ሰው የለም። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሬዲዮዬ ሲንጫጫ እንደ ሁልጊዜው «ቫን አንድ፣ ተርሚናል ዲ ደርሻለሁ» የሚል መስሎኝ ነበር። የሰማሁት የፍሬቻ ድምፅ ነው፤ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ የሰውዬው ድምፅ።

«አለፍከው። ዲ ያ ነው።»

«አይቼዋለሁ» አለ ጋሽ ተሻገር።

የተባለው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ የፍሎሬንሲዮ ግማሹ በነሱ ቋንቋ። እንግሊዝኛ አንተም አንቱም የለውም። የጋሽ ተሻገር ድምፅ ግን እስከ መጨረሻው አንቱ ነበር፣ እኔም እንደዚያው ነው የምነግራችሁ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ። «በኔ አገር፣ በድሮ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ሰው ሲሞት፣ ከብት ሲጠፋ፣ አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ያየ እስኪናገር ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻ ይደር፣ ከብት ይራብ፣ ዝናብ ይምጣ፣ አይነሱም። አውጫጪኝ ይባላል። ሰሚም ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሬዲዮው ክፍት ነው፣ ሆቴል ይሰማናል። ይሄ ቫን ሜዳው ነው። ባሲሊዮ የት እንዳለ እስኪነገር ድረስ አላቆምም።»

በኋላ ሰው ሲጠይቀኝ «እብድ ነው እንዴ?» ይሉኛል። እብድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሰው መኪና ውስጥ አስገብተህ አላወርድም ብትል ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ ግን በዚያ ሰዓት ያ ነገር ትዝ አላለውም። እሱ የሚያውቀው ሽማግሌ መሆኑን ነው። በሱ ቤት ደንብ ነው የያዘው።

ዶን አውሬሊዮ ሳቀ። «እኔ በመቶ ምናምን የፓርላማ አባል ፊት ዘጠኝ ሰዓት ቆሜያለሁ፣ ወዳጄ። አንተ ስንት ቤንዚን አለህ?»

«ጠዋት ሞልቻለሁ።»

ኤርፖርቱ ውስጥ ያለውን መንገድ የምታውቁት ታውቃላችሁ፤ ከላይ ታዞራለህ፣ ከታች ታዞራለህ፣ ተርሚናሎቹ ግራና ቀኝ ያልፋሉ፣ ካልወጣህ ማንም አያስቆምህም። አንዱ ዙር አሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። እኔ ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሰውዬው የሕይወት ታሪኩን ተናገረ። ስለ ሠራው መንገድ፣ ስለ አስከፈታቸው ትምህርት ቤቶች፣ ስንት ድምፅ አግኝቶ እንደተመረጠ። ጋሽ ተሻገር አላቋረጠውም። ሲጨርስ ብቻ፦

«ጥሩ። ባሲሊዮ የት ነው?»

«የመከላከያ ሚኒስትሩን ነው መጠየቅ የነበረባቸው።»

«እሱ እዚህ ቫን ውስጥ የለም።»

ሚስ ግራሲዬላ ከቢሮዋ የወጣችው ያኔ ነው። እሷም ወገቧ ላይ ያው ሬዲዮ አለ። ተረከዟ ወለሉ ላይ ቋ ቋ እያለ ቀጥታ እኔ ጋ መጣች።

«ምንድነው ይሄ? አስቁመው።»

«በተኑን ይዞታል፣ ሚስ። እሱ እስኪለቅ እኛ መናገር አንችልም።»

ጋሽ ተሻገር ስልክ ላይ ደወለች፣ አያነሳም። አባቷ ስልክ አይዝም። ሦስተኛው ዙር ላይ «አባቴን አፍነውታል» ብላ ፖሊስ ጋ ደወለች። የቫኑን ታርጋ ቁጥር ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ምን ላድርግ? ሰጠኋት።

ሦስት ከሃምሳ አምስት። አራተኛው ዙር። ሬዲዮው ውስጥ የሚሰማው ሞተሩ ብቻ ነው። ከዚያ ፍሎሬንሲዮ።

«አቁምልኝ። ልውረድ።»

«ገና ሰዓት አለህ» አለ ጋሽ ተሻገር።

«አይናገርም። እኔ አውቀዋለሁ፣ አይናገርም። እናቴ እየሞተች ነው። አውሮፕላኑ ካመለጠኝ እሷንም አላገኛት። አቁም!»

«ባዶ እጅህን ነው የምትገባው? ምን ልትላት?»

«ምንም አልላትም! እጇን እይዛለሁ! አቁምልኝ ነው የምልህ!» በመቀመጫው ጀርባ ላይ በቡጢ ሲመታ ይሰማል፣ ዱብ፣ ዱብ።

ቫኑ አልቆመም። ሚስ ግራሲዬላ እኔን አየችኝ፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የአባቷ ብቻ እንዳልሆነ የገባት መሰለኝ። «የማን እናት?» አለች። «የማን ወንድም?» ነገርኳት፣ በአጭሩ። ዴስኬ ላይ ተደገፈች።

አራት ከአሥር። ጋሽ ተሻገር ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ አምስት ዓመት ሳውቀው እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼበት አላውቅም።

«እሺ። ሜዳ ላይ መጀመሪያ የሚናገረው የጠራው ሰው ነው መሆን ያለበት። እኔ ልናገር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የቀበሌ ላንድሮቨር ነበር የምነዳው። አብዮት ነው፣ ሰው የሚታፈስበት ጊዜ። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ሦስት ልጆች ከኋላ ጫኑና ንዳ አሉኝ። ነዳሁ። አንደኛውን አውቀዋለሁ። የጎረቤታችን የእማማ የሺሐረግ ልጅ ነው፣ ኳስ አብረን እንጫወት ነበር። ከኋላዬ ሆኖ በስሜ ጠራኝ። ‹ተሻገር› አለኝ። አልዞርኩም።»

ለካ ለዚህ ነው በመስታወት የሚያየው።

«ባሕር ዛፎቹ ጋ አወረዷቸው። እኔ መሪውን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሰማሁ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት፣ ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ እማማ የሺሐረግ ‹ልጄን የሆነ ቦታ አላየኸውም?› ይሉኛል። ሁሉንም ሹፌር ነው የሚጠይቁት። ‹አላየሁም እማማ› እላለሁ። መንግሥት ሲለወጥ ሄድኩና ነገርኳቸው። ልጆቻቸው ይገድሉኛል ብዬ ነጠላ ጫማ አድርጌ ነው የሄድኩት፣ አልሮጥም ብዬ። እሳቸው ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? አልሰደቡኝም። አላለቀሱም። ‹ስንተኛው ዛፍ ስር ነው?› አሉኝ። እሷን ብቻ። የኔ አሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ። የእርስዎ አሥራ ስድስት ሞላ።»

ስድስተኛው ዙር ገባ።

ከዚያ ሳይረን።

መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ቅርብ፣ ከዚያ ቫኑ ፍጥነት ሲቀንስ ተሰማን። ጠጠር ላይ ቆመ። አራት ከሃያ አምስት። ሚስ ግራሲዬላ አፏን በእጇ ያዘች። የደወለችው እሷ ናት፤ ፊቷ ላይ ግን ደስታ የሚባል ነገር አላየሁም። መስኮት ሲወርድ፣ ከዚያ በጣም ሥርዓት ያለው የቴክሳስ ድምፅ።

«እንደምን ዋሉ። የልጅዎ ስልክ ደርሶን ነው፣ ጌታዬ። ይሄን በር ልክፈተው።» በሩ ተንሸራተተ። የመንገዱ ጩኸት ገባ። «በፈቃድዎ ነው እዚህ ያሉት? መውረድ ከፈለጉ አሁኑኑ ይዤዎት እሄዳለሁ።»

ፍሬቻው ብቻ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በሩ ክፍት ነው፣ ሜዳው ፈርሷል፣ ሰውዬው አንድ እግሩን ካወጣ ጋሽ ተሻገር እስር ቤት ነው፣ ፍሎሬንሲዮም ባዶ እጁን ነው። እኔ ቀጮቹን ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ ደረስኩ።

«ልጄ ሁልጊዜ ትጨነቃለች» አለ ዶን አውሬሊዮ። «እኔ ነኝ ኤርፖርቱን አዙረህ አሳየኝ ያልኩት። ሽማግሌ ነኝ፣ አውሮፕላን ማየት እወዳለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ ሆይ፣ በሩን ዝጋውና መንገዳችንን እንሂድ። ሰውየው በረራ አለው።»

በሩ ተዘጋ። ቫኑ ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ተሻገር ምንም አልጠየቀም። የሚገርመው እሱ ነው፤ ያን ጊዜ አልጠየቀም። ሰውዬው ራሱ ጀመረ፣ ያ የሆድ ድምፁ ጠፍቶ፣ ሰው ስልክ ቁጥር እንደሚያነብ እያለ።

«በስምንተኛው ቀን ከጦር ካምፑ አዛዥ ወረቀት መጣልኝ። ሐሙስ ነው። አሥሩን መልሰናል፣ አሥራ አንደኛውን ማንነቱን ስላላወቅን ካምፑ ጀርባ ያለው መቃብር ቀብረነዋል ይላል። በግድግዳው በኩል። ሦስተኛው ረድፍ። የብረት መስቀል፣ ቁጥር ሰባት። ግራ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል ይላል።»

ፍሎሬንሲዮ ድምፅ አወጣ። ቃል አይደለም። ከዚያ «እናቴ ነች ያሰረችለት» አለ።

«አርብ የመተማመኛ ድምፅ ነበረብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው፣ ሐሙስ ያንን ወረቀት ባነበው አርብ ድምፅ የለኝም። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በአራት ድምፅ አሸነፍኩ። ቀስ ብዬ አወጣዋለሁ ብዬ ነበር፣ ሳምንቱ ይለፍ፣ ጩኸቱ ይብረድ። ከዚያ አወረዱኝ። መሳቢያው የሚቀጥለው ሰውዬ ሆነ። በየዓመቱ ኮሚሽን ሲጠሩኝ ያ ወረቀት ነው ፊቴ የሚመጣው፣ ግን አንዴ አላየሁም ብያለሁ፣ ከዚያ በኋላ አይቻለሁ ማለት...» ቆመ። «ሦስተኛው ረድፍ። ሰባት።»

ሚስ ግራሲዬላ ሬዲዮዋን ከወገቧ አውጥታ ዴስኬ ላይ አስቀመጠችው፣ ቀስ ብላ፣ እንደ እንቁላል። «ያን አርብ ኬክ በልተናል» አለች። «እኔ ነኝ ኬኩን የገዛሁት። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ‹አባባ አሸነፈ› የሚል አስጽፌበት።» ለኔ አይደለም የምታወራው።

አራት ከአርባ አራት ላይ ቫኑ ተርሚናል ዲ በር ላይ ቆመ። የፍሎሬንሲዮ ሻንጣ ሲወርድ ሰማን። አቀፈው ልላችሁ አልችልም፣ ይቅር አልኩህም አላለም። የሰማነው ይሄን ብቻ ነው፦

«ሦስተኛው ረድፍ ነው ያልከው?»

«ሦስተኛው።»

«እስክሪብቶ» አለ። ጋሽ ተሻገር ሰጠው። በኋላ እንደነገረኝ እጁ መዳፍ ላይ ጻፈውና ሮጠ።

ከዚያ ላስቲኩ ተፈታ መሰለኝ፤ ሬዲዮው ክሽሽ ብሎ ጸጥ አለ።

ጋሽ ተሻገር ተመልሶ ሲመጣ ሰውዬውን ክንዱን ይዞ አወረደው። ጋዜጣውን ሳይወስድ ነው የመጣው። ሚስ ግራሲዬላ በር ላይ ቆማለች። አባቷ ሲያልፍ አላየችውም፣ እሱም ቀና አላለም። ጋሽ ተሻገር የቫኑን ቁልፍ እጇ ላይ አስቀመጠ፣ ሳይጠየቅ።

«ፖሊስ የደወልሽው ልክ ነሽ» አላት። «እኔም የማንም አባት ቢሆን እደውላለሁ።»

ቁልፉን ጨበጠች። «ሬዲዮው ምን ሆኖ ነው?»

«አስሬው ነው።»

«ዕቃ ተጭኖት ነው» አለች። «እንደዚያ ነው የምጽፈው። ሦስት ቀን ያለ ክፍያ ቤትህ ትቀመጣለህ። አራተኛው ቀን ና።» ዞር ብላ ገባች። እትዬ የትምወርቅ ማታ ስትሰማ «ሦስት ቀን? እኔ ሠላሳ ዓመት አስቀምጥህ ነበር» አለችው አሉ፤ ከዚያ ግን ቁጭ ብላ ስለ ዛፎቹ ከመጀመሪያው እንዲነግራት ጠየቀችው። ሰምታው አታውቅም ነበር፤ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

ሶ፣ ዶን አውሬሊዮ ሎቢ መውረድ ቀጠለ። ክራቫቱም አለ፣ ቡናውም አለ። ጣቱን ግን አያነሳም። ቀዝቃዛ ቢሆንም ይጠጣዋል። ልጁ ትመጣለች፣ ሻይ ታስቀምጥለታለች፣ ሳታወራው ትሄዳለች። እኔም ኪችን ውስጥ ብዙ ነገር ትቻለሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የቤል ዴስክ ስልክ ጮኸ። ከሩቅ ነው፣ ይቆራረጣል። ፍሎሬንሲዮ ነው።

«ለሹፌሩ ንገርልኝ። እናቴን በፒክአፕ ወሰድናት፣ ከነአልጋዋ። የካምፑ ሰዎች፣ የመቃብሩ ዘበኛ መዝገብ አውጥቶ የተቀበረበትን ቀን እስኪያሳያቸው አናስገባም ብለው ነበር። ገባን። መስቀሉ አለ። ሰባት ቁጥር። እጇን አስነክተናት ብዙ ቆየች፣ አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ኖረች። ሰኞ ቀበርናት፣ አጠገቡ እንዲሆን ፈቀዱልን።»

«እሺ» አልኩ።

«አንድ ነገር ደግሞ። ሦስተኛው ረድፍ አይደለም። ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ላይ ሰባት ቁጥር የለም፤ እሱን ስንፈልግ ብዙ ቆየን።»

ለጋሽ ተሻገር ነገርኩት። ወጥቶ አንዴ ቫኑን ዞረ፣ ጎማውን በእግሩ ነካ አደረገ፣ ተመለሰ። ሎቢ ገባና ሰውዬው ፊት ቆመ፣ ካፑን አውልቆ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን።

«ተገኝቷል» አለው። «እናትየው ነክታዋለች። ረድፉ ግን ሁለተኛው ነው።»

ዶን አውሬሊዮ መነጽሩን አወለቀ። «ሁለተኛው?»

«ሁለተኛው።»

«እኔ እኮ ሦስት ብዬ ነው...» እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ሰውዬው አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የያዛት ነገር ያቺ ብቻ ናት፣ እሷንም የያዛት ተሳስቶ ነው። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ወረቀት አለህ?»

የሆቴሉ ስም ያለበት ሙሉ ፓድ ሰጠሁት። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ጻፈ፤ ይጽፋል፣ ይቀዳል፣ እንደገና ይጽፋል። አራት ገጽ ሆነ። ለአገሩ አፈ ጉባኤ ነው፣ በጉባኤ ፊት ይነበብልኝ የሚል፤ ከሐሙሱ ጀምሮ፣ ስሙን፣ ቀኑን፣ መሳቢያውን፣ ክሩን፣ ሁለተኛውን ረድፍ። ሚስ ግራሲዬላ ከቢሮዋ ወጥታ ከኋላው ቆማ አነበበችው። ኤንቨሎፕ አመጣችለት፣ ቴምብሩንም ራሷ ለጠፈች።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ክንዱን ያዝኩና ቫኑ ውስጥ አስገባሁት፣ ከሹፌሩ ጀርባ። ጋሽ ተሻገር ሞተር አስነሳ።

«ወዴት ነው ክቡርነትዎ?»

«ፖስታ ቤት።»

ጋሽ ተሻገር አንገቱን አዞረ። በመስታወት አይደለም፤ ሙሉ ፊቱን አዙሮ ነው ሰውዬውን ያየው። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።

«በአቋራጩ እንሂድ» አለው። «ሊዘጉ ነው።»